በኩርባ ላይ ሞተሩ ዘይት እንዳያጣ፦ ለኦቫል ትራክ መኪና ዝርዝር መመሪያ

ብሮንዝ፣ ማለትም የሞተሩ ዘንጎች በዘይት ላይ የሚዞሩበት ስስ ተሸካሚ፣ ሲመታ የሰማ ሰው ድምፁን አይረሳውም። ታክ፣ ታክ፣ ታክ ይላል። ነዳጅ ስትሰጡት ይብሳል። እኔ በውድድር መኪና ላይ መጀመሪያ የሰማሁት እዚህ ቨርጂኒያ፣ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ጓደኛዬ በሚነዳው ስትሪት ስቶክ በሚባለው የአማተር ውድድር መኪና ላይ ነው። ሞተሩን የገጠምኩት እኔ ነበርኩ። ጋራዥ ወስደን ዘይቱን ስናፈስ መጠኑ ልክ ነበር፤ ምንም አልጎደለም። ሁለት የቢዬላ፣ ፒስተኑን ከሚዞረው ዋና ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ ብሮንዞች ግን ተልጠው መዳባቸው ወጥቷል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

ሞተሩ ዘይት ነበረው። ግን ዘይቱ መምጠጫው፣ የዘይት ፖምፓው የሚስብበት አፍ፣ ያለበት ቦታ አልነበረም። ይህን ከተረዳችሁ ሌላው ሁሉ ይከተላል። ካልተረዳችሁ ግን ትልቅ ፖምፓ ገዝታችሁ ችግሩን ታባብሱታላችሁ። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ፖምፓ መቀየር ነበር።

በዋሽንግተን ዙሪያ ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ ብዙ ወገኖች አሉን። ሞተር ማውረድና መግጠም ለነሱ አዲስ ነገር አይደለም። ግን የመንገድ መኪና ልምድ ብቻውን እዚህ አይበቃም። ከኢንተርስቴት 95 ዳር፣ ቶርንበርግ የሚገኘውን ዶሚኒየን ሬስዌይን ውሰዱ። በ2016 የተከፈተ፣ የኦቫሉ፣ የሞላላው መወዳደሪያ፣ ርዝመት 0.4 ማይል ወይም 640 ሜትር ገደማ የሆነ ትራክ ነው። እንዲህ ባለ አጭር ትራክ ላይ መኪናው ከኩርባ ወጥቶ ሳይረጋጋ ሌላ ኩርባ ይገባል። ምሳሌዬ በአማተር ውድድር በብዛት የሚታየው የሼቭሮሌት ስሞል ብሎክ 350 ነው። ሌላ ሞተር ቢኖራችሁም አካሄዱ ያው ነው።

መጀመሪያ፦ ዘይቱ የት እንደሚሄድ እወቁ

በኦቫል ትራክ ላይ የሚታጠፈው ወደ ግራ ብቻ ነው። ስለዚህ ዘይቱ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ይገፋል። ሻይ ይዛችሁ መኪና ውስጥ ስትቀመጡ ሹፌሩ ድንገት ሲታጠፍ ሻዩ የሚያደርገውን አስቡ። የጎን ግፊቱ ከመሬት ስበት ጋር እኩል ሲሆን፣ ማለትም 1 ጂ ሲደርስ፣ የዘይቱ ገጽ 45 ዲግሪ ያዘነብላል። ጥሩ ጎማ ያለው መኪና ደግሞ እዚያ ይደርሳል። 45 ዲግሪ ያዘነበለ ዘይት ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት ገንዳ፣ በኦይል ፓኑ ውስጥ፣ ተኝቶ አይቀመጥም። የቀኙን ግድግዳ ይዞ ወደ ክራንክሻፍቱ፣ ወደ ሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ይወጣል። መሃል ወለሉ ላይ የተቀመጠው መምጠጫ አየር ይስባል።

ለምን ያህል ጊዜ? 200 ጫማ ማለትም 61 ሜትር ራዲየስ ያለውን ኩርባ በሰዓት 60 ማይል ብትዞሩት ግማሽ ክቡን ለመጨረስ 7 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ሞተሩ 6,000 አርፒኤም፣ ማለትም በደቂቃ 6,000 ዙር፣ ላይ ከሆነ ክራንክሻፍቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይዞራል። በአንድ ኩርባ 700 ጊዜ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሰከንድ እንኳ ያለ ዘይት ከዞረ ብሮንዙ ላይ የሚያደርሰውን ገምቱ። ይህ ደግሞ በየዙሩ ሁለት ጊዜ ይደጋገማል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። የማርቲንስቪል ትራክ ኩርባው 12 ዲግሪ ያዘነብላል። ኢንዲያና ያለው ዊንቸስተር 37 ዲግሪ ይደርሳል። ሰው ይህን ሲያይ ያዘነበለ ትራክ ለዘይት ይከፋል ወይስ ይሻላል ብሎ ይከራከራል። የትራኩ ማዘንበል ከግፊቱ የተወሰነውን ወደ መኪናው ወለል ይመልሰዋል። ፓኑ በጎን በኩል የሚሰማው ጎማው የሚሸከመውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ዘይቱ እስከ ምን ድረስ ሊያዘነብል እንደሚችል የሚወስነው ጎማችሁ ነው። ዓመቱን ሙሉ ደህና የነበረ ሞተር፣ መንገድ የበለጠ የሚይዝ ጎማ በተገጠመ ሳምንት ሊበላሽ ይችላል። ጎማ ስትቀይሩ የዘይት ጌጁን እንደ አዲስ ተከታተሉት።

ወደ ኩርባው ሲገባ ደግሞ ፍሬን አለ። ፍሬን ዘይቱን ወደ ፊት ይወረውረዋል። በ350 ላይ የዘይቱ ጥልቅ ገንዳና ፖምፓው ያሉት ከኋላ ነው። ስለዚህ መግቢያው ላይ ዘይቱ ወደ ፊትና ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ መምጠጫው ከኋላ ብቻውን ይቀራል።

ከመግዛታችሁ በፊት ደንቡን አንብቡ

እያንዳንዱ ትራክና ምድብ የራሱ ደንብ አለው። አንዱ የፋብሪካውን ፓን ግድ ይላል፤ ሌላው የውድድር ፓን ይፈቅዳል፣ አኩሙሌተር የሚባለውን ዘይት ማጠራቀሚያ ግን ይከለክላል። ሞተራችሁ እንደ 602 ያለ፣ ከፋብሪካ ተገጥሞ የሚመጣ የጄኔራል ሞተርስ ክሬት ሞተር ከሆነ ቡሎኖቹ ታሽገው ነው የሚመጡት። ማኅተሙን ከነካችሁ ከውድድር ትወጣላችሁ። በዚህ ጊዜ የሚቀራችሁ ከውጭ የሚሠራው ብቻ ነው፦ የዘይት መጠን፣ ሙቀት፣ ጌጅና መብራት።

ቀጥሎ፦ ችግሩን በዓይናችሁ እዩት

ከሁሉም በፊት ገንዘብ የማወጣው እዚህ ላይ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፣ የሚነግራችሁ ግን ብዙ ነው።

ጥሩ ሜካኒካል የዘይት ግፊት ጌጅ ግጠሙ። ወደ ጌጁ የሚሄደው መስመር ቀጭን ፕላስቲክ አይሁን። በብረት ሽቦ የተሸፈነ ቱቦ አድርጉበት። ፕላስቲኩ ከተበጠሰ የጋለ ዘይት የሹፌሩ እግር ላይ ነው የሚፈሰው። ጌጁን አዙራችሁ ግጠሙትና ግፊቱ ደህና ሲሆን ቀስቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ያመልክት። ሹፌሩ ቁጥር ለማንበብ ጊዜ የለውም። ቀስቱ መዝመሙን ግን በጨረፍታ ያያል።

ከጌጁ ጋር መብራት ጨምሩ። ግፊቱ ከ20 እስከ 30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) በታች ሲወርድ የሚያበራ ማብሪያ ማጥፊያ ይሸጣል። በፋብሪካው መብራት አትተማመኑ። ያ የሚበራው ግፊቱ ጨርሶ ሊያልቅ ሲቃረብ ነው። አምፖሉ ትልቅና ቀይ ይሁን፤ ሹፌሩ መንገዱን እያየ ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ይቀመጥ። የመንገድ መኪና ስትነዱ አደባባይ ላይ የዘይት መብራት ብልጭ ብሎ ሲጠፋ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። እዚህም ነገሩ ያው ነው፣ የሚከፈለው ዋጋ ግን ከባድ ነው።

ደንቡ ከፈቀደ ትንሽ ካሜራ ጌጁ ላይ አነጣጥራችሁ በልምምድ ጊዜ ቅረጹ። ማታ ቁጭ ብላችሁ ስታዩት ቪዲዮው መልሱን ይሰጣችኋል።

ግፊቱ የሚወርደው ፍሬን ሲያዝ ከሆነ ዘይቱ ወደ ፊት እየሸሸ ነው። ፓኑ ውስጥ የፊት መከለያ ይጎድላል ማለት ነው። ኩርባው መሃል ላይ ከሆነ ወደ ቀኝ እየሸሸ ነው፤ የመምጠጫው ቦታና ፓኑ በቀኝ በኩል ሊኖረው የሚገባው ኪስ ይታዩ። በቀጥታው መጨረሻ፣ አርፒኤሙ ጣራ ሲነካ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ዘይቱ ላይኛው ክፍል ተይዞ ቀርቷል፣ ወይም አረፋ ሆኗል፣ ወይም ፖምፓው አየር የሚስብበት ቦታ አለ። በየዙሩ ትንሽ ትንሽ እየወረደ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱን ተመልከቱ። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ዕቃ አትግዙ።

ፓኑ

ለውጥ የሚያመጣው ዋናው ዕቃ ይኼ ነው። ለኦቫል ውድድር የተሠራ ፓን ከፋብሪካው በሦስት ነገር ይለያል።

አንደኛ፣ በቀኝ በኩል ወደ ውጭ የወጣ ኪስ አለው። ወደ ቀኝ የተገፋው ዘይት ክራንክሻፍቱ ላይ ከመውጣት ይልቅ እዚያ ይገባል። የ350 ክራንክሻፍት ከታች በኩል የሚጠርገው ከግራ ወደ ቀኝ ስለሆነ ራሱ የሚወረውረው ዘይትም ወደዚያው ይሄዳል። ሁለተኛ፣ መምጠጫው ዙሪያ ግድግዳዎች አሉ፣ ግድግዳዎቹ ላይ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈቱ ትናንሽ በሮች። ዘይቱ ወደ መምጠጫው ሲመጣ ይከፈታሉ፣ ሊሸሽ ሲል ይዘጋሉ። ሦስተኛ፣ በክራንክሻፍቱና በዘይቱ መሃል ዊንዴጅ ትሬይ የሚባል ዝርግ ብረት አለ። የሚዞረው ክራንክሻፍት ዘይቱን እየመታ አረፋ እንዳያደርገው ይከላከላል።

ያገለገለ ፓን ከገዛችሁ በሮቹን በጣታችሁ አንድ በአንድ ሞክሩ። ተጣብቆ የቀረ በር ከሌለ በር ይከፋል፤ ዘይቱን ከመምጠጫው ይለየዋል። ውስጡን በደንብ እጠቡ። ግድግዳዎቹ ሥር የቀድሞው ሰው ሞተር ፍርፋሪ ተደብቆ ሊሆን ይችላል።

ጓርኒሲዮን፣ የፓኑን ማሸጊያ፣ ከማስገባታችሁ በፊት ፓኑን ዝም ብላችሁ አስጠግታችሁ ሞክሩት። የ350 ሞቶሪኖ፣ ማስነሻው፣ በቀኝ በኩል ስለሆነ ከኪሱ ጋር ሊጋጭ ይችላል። የመሪውን ዘንግ ወደ ሁለቱም ጎን እስከ ዳር አዙሩና ፓኑን እንደማይነካ እዩ። ክራንክሻፍቱንም በእጅ ሙሉ ዙር አዙሩ። ቢዬላ ዊንዴጅ ትሬዩን ሲጭር ያኔ መስማት ነው የሚሻለው። ፓኑ ከመኪናው ወለል በታች ወርዶ መሬት የሚነካ ከሆነም አትግጠሙት።

መምጠጫው፦ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

እኛ ያቺን ሞተር ያጣናት እዚህ ላይ ነው። መምጠጫው ከወለሉ ያለውን ርቀት በዓይን ገምቼ ነበር የገጠምኩት።

ርቀቱ ከሩብ ኢንች እስከ ሦስት ስምንተኛ ኢንች መሆን አለበት። ከ6 እስከ 9 ሚሊሜትር ተኩል ማለት ነው። በጣም ከተጠጋ ወለሉ ራሱ ያንቀዋል። በጣም ከራቀ ዘይቱ ትንሽ ሲሸሽ አየር ይስባል። የሚለካው እንዲህ ነው። ሕፃናት የሚጫወቱበትን ሸክላ መሳይ ነገር፣ ፕላስቲሲን፣ አድቦልቡላችሁ መምጠጫው ሥር ለጥፉ። ጓርኒሲዮኑን አስቀምጡ፣ ፓኑን በጥቂት ቡሎን ጥበቁ። ከዚያ ፍቱትና የተጨፈለቀውን ፕላስቲሲን በምላጭ ቆርጣችሁ በካሊፐር ለኩት። ጓርኒሲዮኑን አትርሱ፤ ውፍረቱ ልኩን ይለውጠዋል። ፓን ወይም ፖምፓ በቀየራችሁ ቁጥር እንደገና ለኩ።

በ350 ላይ መምጠጫው ፖምፓው ውስጥ ተመትቶ ነው የሚገባው። በውድድር ንዝረት ሊላላ፣ ጭራሽ ወድቆ ፓን ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ በቡሎን የሚታሰር ዓይነት ግዙ፣ ወይም ልኩን ካገኛችሁ በኋላ በናስ አስበይዱት። ከመበየዱ በፊት የፖምፓውን የግፊት ቫልቭና ሞላውን (ስፕሪንጉን) አውጡ። ሙቀት ያገኘው ሞላ ጉልበቱን ያጣል። ያን ጊዜ በራሳችሁ እጅ ግፊቱን አወረዳችሁት ማለት ነው።

የዘይቱ መጠን

የ350 የፋብሪካ ፓን 4 ኳርት ይይዛል፣ ከፊልትሮው ጋር 5 ይሆናል፤ 4.7 ሊትር ገደማ ነው። የውድድር ፓን ከዚህ የበለጠ ይይዛል። ስለዚህ ከፋብሪካ የመጣው የዘይት መለኪያ ዘንግ ላይ ያለው ምልክት ለአዲሱ ፓን አይሠራም።

የራሳችሁን ምልክት አድርጉ። ፓኑን የሠራው ድርጅት ያለውን መጠን ለክታችሁ ጨምሩ። ፊልትሮው የሚይዘውን አክሉበት። ሞተሩን አስነስታችሁ አጥፉት። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ አሥር ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ ዘንጉን አውጥታችሁ ዘይቱ የደረሰበትን በሞረድ ጫሩ። ከዚህ በኋላ በተመሳሳይ ቦታና ሁኔታ ለኩ።

ትንሽ ብጨምርስ? ግማሽ ኳርት ጨምራችሁ ቀዩ መብራት ብልጭ ማለቱን ካቆመ አንድ ነገር ተማራችሁ። የሚያሳየው ግን ፓኑ ዘይቱን መያዝ እንዳቃተው ነው። ዘይቱ ዊንዴጅ ትሬዩ ድረስ ከደረሰ ክራንክሻፍቱ እየደበደበ አረፋ ያደርገዋል። አረፋ ደግሞ ብሮንዝን አይሸከምም። በመጨመር ብቻ የሚድን ሞተር አላየሁም።

ወደ ታች የሚመለስበት መንገድ

ፖምፓው ወደ ላይ የላከው ዘይት በራሱ ክብደት ነው የሚመለሰው። ረጅም ኩርባ ላይ የቀኙ ቴስታታ፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ዘይቱን ይዞ ይቆያል። ብሎኩ ባዶ ሆኖ በተፈታ ጊዜ የመመለሻ ቀዳዳዎቹን እዩ። ብሎኩ ከቀለጠ ብረት ሲሠራ የተረፈ ሹል ብረት ካለ በሞረድ አለስልሱ። ይህን በተገጠመ ሞተር ላይ በጭራሽ አትሞክሩ፤ ብናኙ ፖምፓው ውስጥ ይገባል።

ፖምፓው

ከፍተኛ መጠን የሚገፋ ፖምፓ ዘይት አይፈጥርም። ያለውን ቶሎ ነው የሚጨርሰው። ፓኑ ካልተስተካከለ ገንዳውን ፈጥኖ ያደርቀዋል። የብሮንዞቹ ክፍተት በተለመደው ልክ፣ 0.0025 ኢንች ማለትም 0.06 ሚሊሜትር አካባቢ ከሆነ፣ እንደ ሜሊንግ ኤም 55 ያለ የተለመደ መጠን ያለው ፖምፓ ይበቃል። የቆየው የጋራዥ ልክ ለእያንዳንዱ 1,000 አርፒኤም 10 ፒኤስአይ ነው። ለ6,000 አርፒኤም 60 ፒኤስአይ ካላችሁ ደህና ናችሁ። ከዚያ በላይ መግፋት ዘይቱን ያሞቃል፣ የዲስትሪቢዩተሩን ጥርስም ይበላል። ከፖምፓው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ የፕላስቲክ ቀለበት ካለው የብረት ቀለበት ባለው ቀይሩት። ርካሽ ዕቃ ነው።

ሙቀት

ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ወደ መምጠጫው በሰዓቱ አይደርስም። ጌጁ ላይ ግን ከፍተኛ ግፊት ያሳይና ያታልላችኋል። ከውድድሩ በፊት ሞተሩን በዝግታ አሙቁት። በውድድር ጊዜ ከ200 እስከ 240 ፋራናይት፣ ከ93 እስከ 115 ሴንቲግሬድ፣ ጥሩ ነው። የውኃው ሙቀት የዘይቱን አይነግራችሁም፤ ለዘይቱ የራሱ ጌጅ ይኑረው። ካምሻፍታችሁ፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ፍላት ታፔት የሚባለው ሮለር የሌለው ዓይነት ከሆነ ዚንክ በበቂ ያለው የውድድር ዘይት ተጠቀሙ።

ፓኑ ተስተካክሎም መብራቱ ከበራ

ደንቡ ከፈቀደ አኩሙሌተር አለ። የካንተን ድርጅት አኩሳምፕ ታዋቂው ነው። በ1፣ በ2 እና በ3 ኳርት መጠን ይሸጣል። ሲሊንደር ነው፣ ውስጡ ፒስተን አለ። በአንዱ ወገን አየር፣ በሌላው ዘይት። ግፊት ሲኖር ዘይት ያጠራቅማል፣ ግፊቱ ሲወርድ መልሶ ይለቃል። ወደ ፖምፓው እንዳይመለስ የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ያስፈልገዋል። ሌላም ጥቅም አለው። ሞተሩን ከማጥፋታችሁ በፊት ግፊቱ ከፍ ባለበት ቫልቩን ዝጉ። በሚቀጥለው ጊዜ ከማስነሳታችሁ በፊት ክፈቱትና ብሮንዞቹ አስቀድመው ዘይት ያገኛሉ። ሲሊንደሩን በጠንካራ ማሰሪያ እሰሩት፤ ተፈትቶ ቱቦው ቢበጠስ ትራኩን ሁሉ ዘይት ያደርገዋል፣ ከኋላ የሚመጣውም ሰው ይገለበጣል።

ድራይ ሳምፕም አለ። ዘይቱ በሌላ ጋን ይቀመጣል፣ ፓኑ ባዶ ይሆናል። ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ግን ውድ ነው፣ በብዙ ጀማሪ ምድቦችም አይፈቀድም።

መብራቱ በውድድር መሃል ከበራ

ይህን ከሹፌሩ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ኩርባው ላይ ብልጭ ብሎ ከጠፋ እግሩን ከነዳጁ ያንሳ፣ መስመሩን ሳይለቅ ዙሩን ቀስ ብሎ ይጨርስና ይውጣ። ቀጥታው ላይም ካልጠፋ ሞተሩን ወዲያው አጥፍቶ ወደ ውስጠኛው ሜዳ ይግባ። ሦስት ዙር ነው የቀረኝ፣ ልጨርስ የሚል ሹፌር አለ፤ የኛም ሞተር የሄደው እንዲያ ነው። የተቃጠለ ብሮንዝ ክራንክሻፍቱን ይዞ ይሄዳል። ቢዬላ ከተሰበረ ብሎኩም ይበሳል።

ጋራዥ ስትደርሱ ፊልትሮውን በመቁረጫ ክፈቱት። በመጋዝ አይሁን፤ የመጋዙ ብናኝ ያሳስታችኋል። ወረቀቱን ዘርጉና በብርሃን እዩት። ማግኔት የሚስበው ብናኝ ከብረት ክፍሎች የመጣ ነው። ማግኔት የማይስበው ግራጫ ብልጭልጭ ከብሮንዙ የላይኛው ሽፋን ሊሆን ይችላል። መዳብማ ቀለም ካያችሁ ሽፋኑ አልቋል። ያኔ ፓኑን አውርዱ፣ የቢዬላ ብሮንዞችን አንድ በአንድ አውጥታችሁ በተራ ቁጥራቸው ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ፣ መምጠጫውንም በፕላስቲሲን እንደገና ለኩ። ይህ ሁሉ ታይቶ ሳያልቅ ቁልፉን አታዙሩት።